የካምፓላ መንገድ ስንት ቀን ነው

ባለቤቴ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም መንገድ የሚለኩት በዳዊት ነበር። መዝሙረ ዳዊት መቶ ሃምሳ ነው፤ ዐሥር ዐሥሩ አንድ ንጉሥ ይባላል። እርሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው እየደገሙ ነው የሚሄዱት፤ ስለዚህ እገሌ ቦታ ስንት ሰዓት ያስኬዳል ብሎ የጠየቃቸው ሰው በሰዓት መልስ አያገኝም። ከቤታችን ከቀሐ እስከ ገበያ ሁለት ንጉሥ ነው። እስከ አዘዞ ሰባት ንጉሥ። ፀዳ ዐሥራ ሁለት። የተወለዱበት አይከል ደግሞ ሦስት ሙሉ ዳዊት፣ በመሐል ማደሪያ ይዞ። ማኪና አይወዱም ነበር። ሲነጥር ከመዝሙሩ ያወጣኛል፣ ከየት እንዳቋረጥኩ ይጠፋኛል ይላሉ። አዘዞ ለቀብር ስንሄድ እኔ በባጃጅ ቀድሜ እደርስና፣ እርሳቸው ሰባተኛውን ንጉሥ ጨርሰው አቧራ ለብሰው ሲመጡ አያለሁ። ለቅሶ የተቀመጠው ሰው ሳይቀር ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ ይስቅ ነበር።

ከአይከል የወጡት በዐሥራ ሁለት ዓመታቸው፣ ለትምህርት ነው። ታላቅ ወንድማቸው አያ አለነ ከአባታቸው ማረሻ ጋር ቀሩ፤ እርሳቸው ዳዊታቸውን በማኅደር አንግተው ከደብር ደብር ዞሩ። ድጓውን ተምረው ጎንደር ገቡ፣ ቀሐ አጠገብ ባለው ደብራችን መሪጌታ ሆነው አርባ አንድ ዓመት አገለገሉ። ድምፃቸው ትልቅ አልነበረም፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ጠዋት ላይም ያው ነው፣ አይሰበርም። ጠባያቸው ሸጋ ነበር፤ ሲቆጡ ግን ይከብዳሉ። መጮኽ አያውቁም፤ ዝም ነው የሚሉት። የተቆጡት ሰው ጩኹብኝ ብሎ እስኪለምን ድረስ ዝም ይላሉ።

ከወለድናቸው አራት ልጆች ሁለቱ አደጉልን፤ አብዮትና አምሳል። አብዮት መተማ ይሠራል። የእርሱ ልጅ ሶሊያና ከእኛ ጋር ናት፤ ፒያሳ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። ፊደል ያስቆጠረችኝ እርሷ ናት፣ ስድሳ ሦስት ዓመት ከሞላኝ በኋላ። መሪጌታ የሰው ልጅ ሁሉ ሲያስተምሩ እኔን አላስተማሩኝም፤ እኔም አስተምሩኝ አላልኳቸውም። የመጀመሪያውን የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ እየተንተባተብኩ ሳነብላቸው ግን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ «አንቺ፣ ይኼ ሁሉ ዓመት የት ነበርሽ» አሉኝ። ወጥ ቤት ነበርኩ አልኳቸው።

አሁን የምናገረው ስለ አምሳል መንገድ ነው።

አምሳል የፀጉር ሥራ ተምራ ነበር። አብራት የተማረች ልጅ ካምፓላ ሄዳ ቤት ከፍታ ነይ አለቻት። መሪጌታ አይሆንም አሉ። ሴት ልጅ ብቻዋን ሰው አገር ምን ልትሆን ነው፣ ፀጉር እዚህ የለም ወይ አሉ። እርሷም የአባቷ ልጅ ናት፤ አልተከራከረችም፣ ዝም ብላ ልብሷን በቦርሳ ከተተች። የሄደችበት ቀን በጽጌ ወር እሑድ ነበር። መሪጌታ ማኅሌት ቆመው አደሩ። ቅዳሴው ወጥቶ፣ ሕዝቡ ተበትኖ፣ ካህናቱ ወደ ቤታቸው ሲገቡ እርሳቸው አልመጡም። አምሳል አውቶቡሱ እስኪሄድባት ድረስ በሩን እያየች ቆየች። በኋላ የደብሩ ዘበኛ እንደነገረኝ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ከጥዱ ሥር ተቀምጠው፣ አውቶቡሱ ሄደ ወይ ብለው እየላኩ ያስጠይቁ ነበር። ሳይመርቋት ሄደች።

ካምፓላ ስትገባ ደወለች። ዐሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ አለችኝ። ጎንደር አዲስ አበባ ሁለት ቀን፣ አዲስ አበባ ሞያሌ ሁለት ቀን፣ ሞያሌ ላይ ለወረቀት ሦስት ቀን ቆማ፣ ከዚያ ናይሮቢ፣ ከዚያ ካምፓላ። መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይሰሙ ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ፣ ይኼ ስንት ዳዊት እንደሚሆን አላውቀውም አሉ። መለኪያ ሲያጡ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ካምፓላ ማለት ዐሥራ አንድ ቀን ሆነ። ጎረቤት ሲጠይቀን እንደዚያ እንላለን፤ ስጸልይም እግዚአብሔርን ዐሥራ አንድ ቀን ርቃ ያለችውን ልጄን ጠብቅልኝ እለዋለሁ።

ሦስት ዓመት አላናገሯትም። በሦስተኛው ዓመት በፋሲካ ማለዳ ስልኩን ከእጄ ወሰዱና «ፆሙን ፈታሽ?» አሏት። ያ ሆነ እርቃቸው። ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ይነጋገሩ ነበር። አምሳል ሁልጊዜ ስትሰናበት፣ አባ ይመርቁኝ ትላለች። እርሳቸው ሁልጊዜ፣ ስትመጪ ይላሉ። ምርቃት እጅ ከራስ ላይ ሳያርፍ አይሆንም፣ እንትፍ ሳይባል አይሆንም፣ በሽቦ የሚሄድ ምርቃት አላውቅም ይሉ ነበር። እርሷ ደግሞ መጀመሪያ የመኖሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎ የራሷ ሱቅ፣ ቀጥሎ የአገራችን መንገድ መዘጋት እየያዛት፣ ዘንድሮ ለከርሞ ስትል ዐሥራ አንድ ዓመት ሆናት።

መሪጌታ ባለፈው ዓመት በኅዳር ታመሙ። በመጀመሪያ እግራቸው አበጠ፤ ቀጥሎ ደረጃ መውጣት አቃታቸው፤ ቀጥሎ ተኝተው መተንፈስ። ልብ ነው ተባለ። ሐኪሞቹ የሚቻላቸውን አድርገው፣ ከእንግዲህ ቤታቸው ቢሆኑ ይሻላል ብለው ሰጡን። አያ አለነ ከአይከል መጡ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከአልጋው ግርጌ ተቀመጡ።

አምሳል በእሑዱ ደወለች። ቤተ ክርስቲያን ናቸው አልኳት። በሚቀጥለውም እሑድ ተኝተዋል አልኳት። ሰው አገር ላለ ሰው ሕመም አይነገርም፤ እኛ ያደግነው እንደዚህ ነው። ላይደርስ ነገር ልቡን ማቃጠል ነውር ነው። ከሞተም በኋላ መርዶው የሚነገረው ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማለዳ፣ ሰውየው ቤት ተሄዶ ነው። እኔ ይኼን ልማድ አልተጠራጠርኩትም።

ሶሊያና ግን ተጠራጠረችው። አንድ ማታ ከሥራ ገብታ እኔና አያ አለነ ያለንበት ቆመች፤ ለአምሳል ንገሯት አለች።

«ነግረናት ምን ታድርግ?» አልኳት። «ዐሥራ አንድ ቀን መንገድ ላይ ስታለቅስ?»

«ምነው አያቴ፣ በአውሮፕላን ትመጣለቻ።»

ስልኳን አወጣችና አሳየችኝ። ከአዲስ አበባ እስከ ካምፓላው አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ይላል። ፊደሉ የፈረንጅ ነው፤ ቁጥሩን ግን እኔው ራሴ አነበብኩት፤ ሁለት፣ ቀጥሎ ዐሥር። አያ አለነ ምን ይላል አሉኝ። ነገርኳቸው። ድዳቸውን አሳይተው ሳቁ።

«እኔ ከአይከል ጎንደር በማኪና ሁለት ሰዓት ተንገላትቼ ነው የመጣሁት» አሉ። «የእናንተ ካምፓላ እንግዲህ አይከል ናት። ሰኞ ገበያዋን ወጥቼ ልግዛ።»

«አያ አለነ፣ ይኼ በሰማይ ነው።»

«በሰማይ ቢሆንስ ልጄ፣ ምድሩ ያው ምድር አይደል ከሥሩ?»

እኔም ሳቅሁ። ይኼን ስጽፍ ያ ሳቄ ይሰማኛል። አውሮፕላን አሜሪካ ላለ ሰው ነው ብዬ አስብ ነበር። ደግሞም አምሳል በራሷ አፍ ዐሥራ አንድ ቀን ብላኛለች፤ ልጄ ከነገረችኝና ከስልክ የቱን ልመን? ፊደል ከቆጠርኩ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ያየሁትን ቁጥር ትቼ የሰማሁትን አመንኩ። ሶሊያና ልትደውል እንደምትችል ስላወቅሁ ሕመማቸውን እንዳትነግራት በኪዳነ ምሕረት አስማልኳት። እያለቀሰች ማለች።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ጠዋት መሪጌታ ሲነጋ ጠሩኝ። ትንፋሻቸው አጥሮ ነበር፤ ቃሉን ግን ለይተው ነው የተናገሩት።

«አምሳልን ጥሪያት። ሳልመርቃት አልሂድ።»

እሺ አልኳቸው። ወጣሁ፤ ግቢው ውስጥ ቆምኩ። ስልኩ በእጄ ነበር። ብነግራት ትነሣለች፣ ስትነሣ በመንገድ ትሆናለች፣ እርሳቸው ዐሥራ አንድ ቀን አይቆዩም፤ ልጄ ሞያሌ ላይ ቆማ መርዶ ልትሰማ ነው ብዬ አሰብኩ። አልደወልኩም። ተመልሼ ገባሁና፣ ደወልኩላት፣ ዛሬውኑ ተነሥታለች አልኳቸው።

ከታመሙ ወዲህ አጥሚት እንኳ በግድ ነበር። ያን ቀን ጽዋውን በገዛ እጃቸው ይዘው ጨረሱት። «ታዲያ እስክትመጣ መበርታት አለብኝ» አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት የት ደረሰች አሉኝ። ናይሮቢ ገብታለች አልኳቸው። ቀና አድርጊኝ አሉ፤ በትራስ ደግፌ አስቀመጥኳቸው። ነጩን ጋቢያቸውን እጠቢልኝ አሉ። አጥቤ ፀሐይ ላይ ሳሰጣው አያ አለነ ወጥተው ጎኔ ቆሙና፣ ምን አልሽው፣ የሞተ ሰው ነው እኮ የተነሣው አሉኝ። ነገርኳቸው። ሸጋ አደረግሽ አሉኝ።

እሑድ የት ደረሰች አሉኝ። ከናይሮቢ ወጥታ በረሃውን ይዛለች፣ ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ ነው የምታድር አልኳቸው። በረሃው ውኃ አለው ወይ አሉ። ይዛለች አልኳቸው። ጢማቸውን እንዲስተካከልላቸው ጠየቁ፤ ሶሊያና በመቀስ አስተካከለችላቸው። ከክፍሉ ስትወጣ ፊቴን አላየችም። ያን ዕለት ከሰዓት አምሳል ደወለች፤ አባዬስ አለችኝ። ደክሟቸው ጋደም ብለዋል አልኳት። ከግድግዳው ወዲያ፣ ስለ እርሷ በረሃ የሚጨነቁ አባቷ ነበሩ።

ሰኞ ጠዋት፣ የት ደረሰች?

«ሞያሌ ገባች» አልኳቸው።

ደስ አላቸው። የአገራችን አፈር ናት፣ እንግዲህ ቀረበች አሉ። አጥሚቱን አቀረብኩላቸው፤ ተቀበሉኝ። ከዚያ፣ ነገ ከሞያሌ ትነሣለቻ አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው እኔ የበደልኩት። የምነግራቸው ሁሉ ፈጠራ ነበር፤ አውቶቡሱን የፈጠርኩት እኔ፣ በረሃውን ያሻገርኳት እኔ። አዎ ነገ ትነሣለች ብል የሚከለክለኝ አልነበረም። ዛሬ ማታ ትገባለች ብልም እንኳ ያምኑኝ ነበር። እኔ ግን ያ የድሮው መንገድ በልቤ እንደ ጸሎት ተቀርጾ ነበርና፣ ከእርሱ አንዲት ቀን መቀነስ አልታየኝም።

«ሞያሌ ሦስት ቀን ትቆማለች» አልኳቸው። «ወረቀት አለ።»

«ሳትቆም አይሆንም?»

«ወረቀት ነው እኮ። ያኔም ሦስት ቀን ነው የቆመች።»

ዐይናቸውን ጣራው ላይ አድርገው ቆጠሩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሦስት ቀን ሞያሌ፣ ሁለት ቀን አዲስ አበባ፣ ሁለት ቀን ጎንደር። ጽዋውን መልሰው ሰጡኝ፤ አልቀመሱትም ነበር።

«እንግዲያ አልደርስባትም» አሉ።

ከዚያ በኋላ የት ደረሰች ብለው አልጠየቁኝም። የንስሐ አባታቸው መጡ፤ ቆረቡ። ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ዐረፉ። በዘጠኝ ሰዓት ደብራችን ግቢ ውስጥ ተቀበሩ፤ ያስተማሯቸው ካህናት ሸበቶ ሆነው ወረብ ወረቡላቸው።

ሶሊያና የማለችው ሕመሙን ላለመናገር ነው፤ ሞቱን ላለመናገር አይደለም። ከቀብር እንደተመለስን ካምፓላ የሚኖሩ የአገራችን ሰዎች ዘንድ ደወለች። እነርሱም እንደ ልማዳችን ረቡዕ ማለዳ ተሰብስበው፣ ካህን ይዘው፣ አምሳል ቤት ሄደው አረዷት። ሐሙስ ጠዋት፣ በሳልስቱ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ከውጭ ጩኸት ሰማሁ። የአምሳል ድምፅ ነበር። ከሌላ ሰው ጋር አምታትቼው አይደለም፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በስልክ የሰማሁት ድምፅ ነው። ግን ማመን አቅቶኝ፣ ማን ናት እያልኩ አጠገቤ ያሉትን እጠይቅ ነበር።

ለቅሶው ጋብ ሲል አያ አለነ ጠጋ ብለው ጠየቋት።

«ልጄ፣ መቼ ተነሥተሽ ነው?»

«ትናንት ከሰዓት አያ አለነ። አዲስ አበባ አድሬ ጠዋት በመጀመሪያው በረራ አዘዞ ወረድኩ።»

«ትናንት ከካምፓላ?»

«ሁለት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ነው እኮ።»

አያ አለነ ዱላቸውን ከእጃቸው መሬት ላይ አኖሩት። እኔን አላዩኝም። እኔ በልቤ ሁለት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ስንት ንጉሥ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ሰባት ነው። ከቀሐ አዘዞ በእግር። መሪጌታ በሕይወታቸው ስንት መቶ ጊዜ የሄዱት መንገድ። ዓርብ ጠዋት ብደውልላት፣ ቅዳሜ ጋቢያቸውን ሳሰጣ በዚያ በር ትገባ ነበር።

አምሳል ዘጠኝ ቀን ተቀመጠች። ስንት ቀን እንደታመሙ ከሰው ሰማች፤ ለእኔ ግን ምንም አላለችኝም። የአባቷ ልጅ ናት አላልኩም? ልብስ ታጥባለች፣ እንግዳ ታስተናግዳለች፣ እኔ ስናገር ትሰማለች፣ አትመልስም። ልትሄድ በዋዜማው ጠዋት ግቢ ውስጥ የለቅሶውን ሳህን እያደራረቅን ሳለ፣ ከእጇ ሳህኑን ሳታስቀምጥ ጠየቀችኝ።

«አባ ጠይቀውኝ ነበር?»

አልጠየቁም ብላት ይቀላት ይሆን ብዬ አሰብኩ። አንድ ጊዜ ለማቅለል ብዬ ያደረግሁትን አስታወስኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ዓርብን፣ ናይሮቢን፣ በረሃውን፣ ጢማቸውን፣ ጋቢውን። በረሃው ውኃ አለው ወይ እንዳሉ ነገርኳት። እስከ ሞያሌው ድረስ ጨረስኩት።

«ሦስት ቀን አልሻቸው?» አለችኝ።

«ሦስት ቀን አልኳቸው።»

«ውሸቱ ካልቀረ፣ እማዬ፣ ምነው አንድ ቀን እንኳ ብታደርጊልኝ?»

ሳህኑን አድርቃ ከሌሎቹ ላይ ደረበችው፤ ቀጥሎ ሌላውን አነሣች።

«ለእርሳቸው እንግዲህ እኔ ሞያሌ ቀረሁ» አለች።

በማግስቱ አዘዞ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ አብሬያት ሄድኩ፤ ሶሊያናም ነበረች። ከበሩ ፊት ለፊት፣ ፈታሾቹ የሚያልፈውን ሰው እየጠሩ ሳለ፣ አምሳል ቦርሳዋን መሬት አኖረችና ራሷን ዝቅ አደረገችልኝ። ሁለት እጄን ከጠጉሯ ላይ አኖርኩ። እኔ ግእዙን አላውቅም፤ የማውቀውን አልኩ። መንገድሽ ይቃና፣ እጅሽ ይባረክ፣ እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርሽ አልኳት። እንትፍ አልኩ። እጄን ሳላነሣ ብዙ ቆየሁ፤ ሰው እየዞረን አለፈ።

ቀና አለች። «የአንቺን ተቀበልኩ እማዬ» አለችኝ። «የአባን ግን ከማን ልቀበል?»

ሳመችኝና ገባች። ይቅር አላለችኝም፤ አልረገመችኝምም። በየእሑዱ ትደውላለች። አሁን ትንሽ ጉንፋን ቢይዘኝ እንኳ እነግራታለሁ፤ ጉልበቴን፣ ደም ግፊቴን፣ የዋልኩበትን ያደርኩበትን ሁሉ ሳትጠይቀኝ እዘረዝርላታለሁ። እርሷ እሺ፣ እሺ እያለች ትሰማለች። ከጨረስኩ በኋላ ዝም እንላለን፤ ስልኩን ቀድሞ የሚዘጋ ግን የለም።